የመሬት በርና የፈቃድ በር፦ የተመጣጣኝ ዋጋ ቤት ግዴታ በደባርቅ ዓይን

ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በገበያዋና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በመሆኗ ስትታወቅ የኖረች የደጋ ከተማ ናት። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ግን ቤት ፈላጊው በዝቶባታል። በፓርኩ ክልል የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከቀያቸው ተነሥተው በከተማዋ ሰፈሩ። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ከተማዋ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች፤ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ሥራ ጀመረ። ቀጥሎም በጦርነቱ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ተጠጉባት። እንዲህ ባለች ከተማ በደመወዝ የሚተዳደር መምህር ወይም ነርስ በአቅሙ ቤት የሚያገኝበትን መንገድ የማበጀት ግዴታ የማን ነው?

ጥያቄው በሌሎች አገሮች በአብዛኛው የሚነሣው በቤት አልሚዎችና በከተሞች መካከል በሚደረግ ሙግት ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ በአንድ ከተማ ካሉት ቤቶች በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኙት ከ10 በመቶ በታች ከሆኑ፣ ከሚሠራቸው ቤቶች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑትን ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚመድብ አልሚ አንድ ጥቅል ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ከተማው ቢከለክለው ለግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ አቤት ይላል። በኒው ጀርሲም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1975 በማውንት ሎሬል ጉዳይ ከተሞች በመሬት አጠቃቀም ደንባቸው ድኻውን ማግለል እንደማይችሉ ወሰነ፤ በ1983 በሰጠው ሁለተኛ ውሳኔ ደግሞ አልሚዎች ከተማን ከስሰው የግንባታ መብት የሚያገኙበትን መንገድ ከፈተ። በሁለቱም ግዛቶች መሬቱ በአብዛኛው የግል በመሆኑ ከተማው በእጁ ያለው ዋና መሣሪያ ፈቃድ ነው፤ ክርክሩም በፈቃዱ ዙሪያ ይሽከረከራል።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ከመሬቱ ይጀምራል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው የመኖሪያ ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ዛሬም ድረስ «የቀበሌ ቤት» የሚባሉት እነዚሁ ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ስለዚህ የኢትዮጵያ ከተማ ፈቃድ ሰጪ ብቻ ሳይሆን ቦታ ሰጪም ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ወደዚህ ቦታ የሚያስገቡ ሁለት በሮችን አስቀመጠ፤ ጨረታና ምደባ። ጨረታውን የሚያሸንፈው ባቀረበው የሊዝ ዋጋና በቅድሚያ ክፍያው መጠን ይለያል። የሚሠራው ቤት ለማን፣ በስንት ብር እንደሚደርስ በመመዘኛው ውስጥ ቦታ የለውም። ምደባ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለእምነት ተቋማትና ለመሰል አገልግሎቶች የተተወ ሲሆን፣ ለመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራሞችና በመንግሥት ለተፈቀዱ የራስ አገዝ የቤት ግንባታዎችም ክፍት ነው። የተመጣጣኝ ዋጋ ቤት ጉዳይ በሕጉ ውስጥ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም ወደ ክልል ከተሞችም ተዘርግቶ ነበር፤ ሆኖም እንደ ዋና ከተማዋ አልዘለቀም። በትንሽ ከተማ የሚኖር ቤተሰብ ፎቅ ላይ ካለ ክፍል ይልቅ ጓሮ ያለው፣ በባሕር ዛፍና በጭቃ ተጀምሮ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ ክፍል የሚቀጠልበት ቤት ይመርጣል። ለዚህ የሚስማማው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አባላቱ ተደራጅተው ይመዘገባሉ፤ በዝግ ሒሳብ ይቆጥባሉ፤ ቦታው ሲመደብ ዕጣ ያወጣሉ፤ ከዚያ ሳይት ፕላንና ካርታ ይረከባሉ። በሌላ አነጋገር ማኅበሩ ለትርፍ የማይሠራ አልሚ ነው።

ስለዚህ በማሳቹሴትስ ያሉት ሦስት ወገኖች፣ ማለትም ግዛት፣ ከተማና አልሚ፣ እዚህም ክልል፣ ከተማና ማኅበር ሆነው ይገኛሉ። ክልሉ የምደባውን መመሪያ ያወጣል፤ ቦታ የማዘጋጀቱ ሸክም ግን የከተማው ነው። በጨረታ የተሰጠ ቦታ ለከተማው ካዝና ጥሩ ገቢ ያስገኛል፤ ለማኅበር የተመደበ ቦታ ግን ያን ያህል አያስገባም፤ መንገድና ውኃ ግን ሁለቱም እኩል ይፈልጋሉ። በዚህ ላይ እንደ ደባርቅና ዳባት ያሉ ከተሞች የሚሰፉት ገብስና ስንዴ በሚዘራበት የገበሬ ማሳ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታው ከመነሣቱ በፊት ካሳ እንዲከፈለው ያዛል። ካሳውን ከተማው ይሸፍነው ወይስ ማኅበርተኛው ያዋጣ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ዕቅድ ለማዘግየት ይበቃል። ማሳውን ያጣው ገበሬም ልጆቹ ጎጆ ሲወጡ ቤት ፈላጊ መሆናቸው አይቀርም፤ ይህ በቤት ፈላጊዎች ቁጥር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ዋናው ልዩነት ግን እምቢታው የሚገለጽበት መንገድ ነው። የማሳቹሴትስ ከተማ «አይሆንም» ሲል የጽሑፍ ውሳኔ ይሰጣል፤ ውሳኔ ካለ ይግባኝ አለ። ቦታ ሰጪ የሆነ ከተማ ግን ማንንም መከልከል አያስፈልገውም፤ «ቦታ አልተዘጋጀም» ማለት ይበቃዋል። ይህ አባባል ቅን ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ቀን የለውም፤ ቀን የሌለውን መልስ ደግሞ ይግባኝ ሊሉበት ያዳግታል። ማኅበርተኛው እስከዚያ ኪራይ እየከፈለ ይቆያል፤ በዝግ ሒሳብ የተቀመጠው ብርም ሲሚንቶና ቆርቆሮ በተወደደ ቁጥር የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል።

በቅርቡ አዲስ አበባ ከግል አልሚዎች ጋር የጀመረችው 70/30 የተባለ አሠራር፣ ከተማዋ ቦታ አቅርባ ከሚሠሩት ቤቶች 30 በመቶውን የምትወስድበት በመሆኑ፣ ወደ አሜሪካው ዓይነት ክርክር ይቀርባል፤ በዚያ ሁለቱን ወገኖች የሚያስተሳስር ውል አለና። በአማራ ክልል ትንንሽ ከተሞች ያለ ማኅበርተኛ ግን እንዲህ ያለ ውል በእጁ የለም። አዋጅ ቁጥር 1161 ያቋቋማቸው አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ የሚያገለግሉት ከይዞታው የሚነሣውን ሰው እንጂ ቦታ የሚጠብቀውን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ዜጎች በአስተዳደር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚያቀርቡበትን ሥርዓት ቢዘረጋም፣ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን እንዲሁም የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደር ነው፤ ደባርቅ ድረስ አይዘልቅም። ክልሉ ተመሳሳይ ሕግ ቢያወጣ ሊመልሰው የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ማኅበር ከተመዘገበ በኋላ ከተማው ስንት ወር ውስጥ፣ በምን ምክንያት፣ በጽሑፍ መልስ ሊሰጠው ይገባል የሚለው ነው።