ፕሮሰሰር መጨመር ብቻውን የአገልግሎት ፍጥነትን ለምን አያረጋግጥም?

ዓመታዊ የንግድ ፈቃድ እድሳት ያለ ቅጣት የሚከናወነው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከቡልቡላ፣ ከባቱ፣ ከአዳማና ከሌሎች ከተሞች በርካታ ነጋዴዎች በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ የኦንላይን አገልግሎት ሊዘገይ ይችላል። «የኮምፒዩተሩ አቅም ለምን አይጨመርም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ በመሆኑ ጉዳዩን እንደሚከተለው እናብራራለን።

በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ በርካታ ፕሮሰሰሮች አንድን ማኅደረ ትውስታ በጋራ ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሥራውን ለማፋጠን የሚፈልገውን መረጃ ቅጂ ካሽ በሚባል አነስተኛና ፈጣን ማከማቻ ይይዛል። ሆኖም አንዱ ፕሮሰሰር የክፍያ መዝገብን ሲለውጥ በሌሎቹ ዘንድ ያለው ቅጂ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። ይህ ቅጂ ሥራ ላይ ቢውል የተከፈለ ሒሳብ እንዳልተከፈለ ሊቆጠር ይችላል።

ፕሮሰሰሮቹ ጥቂት ሲሆኑ ሁሉም አንድ የጋራ መስመርን እየተከታተሉ ለውጡን ያውቃሉ። ቁጥራቸው ሲበዛ ግን መስመሩ ይጨናነቃል። ለዚህ መፍትሔ ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዳሽ የተባለ ኮምፒዩተር ያሳየው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ማኅደረ ትውስታው በየክፍሉ ይከፋፈላል፤ የትኛው ቅጂ በማን እጅ እንዳለም በማውጫ ይመዘገባል። ስለሆነም የለውጡ መልእክት የሚላከው ቅጂው ላላቸው ፕሮሰሰሮች ብቻ ነው።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት የፍጥነቱ ጣሪያ የሚወሰነው ተከፋፍሎ ሊሠራ በማይችለው የሥራ ድርሻ ነው። ለምሳሌ ከአንድ ሥራ 10 በመቶው በተራ ብቻ የሚከናወን ከሆነ 16 ፕሮሰሰሮች ፍጥነቱን የሚያሳድጉት 6.4 እጥፍ ብቻ ነው፤ የቱንም ያህል ቢጨመሩም 10 እጥፍ ላይ አይደርስም። በመሆኑም ከግዢው በፊት በተራ የሚጠበቀውን ሥራ መቀነስ ይገባል።

ከተጠቃሚዎች የሚጠበቀው፦
• እድሳቱን እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ሳያቆዩ አስቀድሞ ማከናወን፤
• ሥርዓቱ ሲዘገይ የመጀመሪያው ክፍያ መፈጸሙን ወይም አለመፈጸሙን ሳያረጋግጡ ዳግመኛ አለመክፈል፤
• የክፍያ ማረጋገጫ ቁጥርን በጥንቃቄ መያዝ።