ኳስ ማወቅና ገንዘብ ማሸነፍ

በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማም ሆነ በመናኸሪያና በታቦር፣ ስለ ስፖርት ውርርድ ከሚነገሩት እምነቶች ሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው «ኳስ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ቢወራረድ በእውቀቱ ሠራ እንጂ ቁማር ተጫወተ አይባልም» የሚለው ነው። ከሌሎቹ የሚብስበት ምክንያት፣ ሰው ቁማር መሆኑን ቢያውቅ ሊሳሳለት የሚችለውን ገንዘብ፣ ማለትም የቤት ኪራይን፣ የትምህርት ወጪን ወይም ከከተማዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተገኘ የወር ደመወዝን፣ እንደ ሥራ መነሻ ቆጥሮ እንዲያስይዝ ስለሚያደፋፍረው ነው።

እምነቱ ያለ መነሻ አልተፈጠረም። ሐዋሳ ኳስ የምታውቅ ከተማ ናት፤ ክለቧ ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የእንግሊዝን ሊግ የሚከታተለው ወጣትም የትኛው ቡድን ተከላካዩ እንደተጎዳበት፣ የትኛው ከሜዳው ውጭ እንደሚዳከም አሳምሮ ይናገራል። ጠንካራ ቡድን ደካማውን ብዙ ጊዜ ስለሚረታ ይህ እውቀት አሸናፊውን ለመገመት በእርግጥ ይረዳል። ስሕተቱ ያለው፣ አሸናፊን መገመትና ገንዘብ ማትረፍ አንድ ናቸው ብሎ መደምደሙ ላይ ነው።

ሁለቱን የሚለያያቸው «ኦድ» ነው። ኦድ ማለት ግምቱ ሲሰምር የተያዘው ገንዘብ በስንት ተባዝቶ እንደሚከፈል የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን፣ 1ን ለኦዱ በማካፈል አቋማሪው ድርጅት ለውጤቱ የሰጠውን ዕድል ማወቅ ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው ቢያሸንፍ 2.50፣ አቻ ቢለያዩ 3.20፣ እንግዳው ቢያሸንፍ 2.70 ቢሰጥ፣ ዕድሎቹ በቅደም ተከተል 40፣ 31 እና 37 በመቶ ያህል ይሆናሉ፤ ድምራቸውም መሆን ከሚገባው 100 አልፎ 108 ይደርሳል። ከመቶ የተረፈችው ያቺ 8 የድርጅቱ ድርሻ ናት፤ በእርሷም ምክንያት ከተያዘው 100 ብር በአማካይ ወደ ተጫዋቾች የሚመለሰው 92 ብር ያህል ነው። ስለ ተከላካዩ መጎዳት ወጣቱ የሰማውን ወሬ ኦድ አውጪዎቹም ስለሚሰሙትና ቁጥሩን ወዲያው ስለሚያስተካክሉት፣ ትኬት የሚቆርጠው ሰው የሚገዛው እውቀቱ አስቀድሞ የተሰላበትን ዋጋ ነው።

ጉዳቱ የሚገዝፈው ብዙ ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲቆረጡ ነው። ኦዳቸው 1.50 የሆነ አሥር «አስተማማኝ» ጨዋታዎች የመረጠ ሰው፣ አሥሩም ከሰመሩለት 10 ብሩ 577 ብር ገደማ ይሆንለታል፤ ይህም ያማልላል። ነገር ግን ከላይ የታየው የድርጅቱ ድርሻ ሲቀነስ የእያንዳንዱ ጨዋታ እውነተኛ ዕድል 61.5 በመቶ ያህል ስለሚሆን፣ አሥሩም አብረው የመስመራቸው ዕድል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ድርሻውም አሥር ጊዜ ተደራርቦ ስለሚቆረጥ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 45 ብር ብቻ ይሆናል።

በዚሁ ስሌት ዘጠኙ ሰምረው አንዱ ብቻ የሚከሽፍበት አጋጣሚ፣ አሥሩም ከሚሰምሩበት አጋጣሚ ከስድስት እጥፍ በላይ ይበዛል። በየውርርድ ቤቱ ደጃፍ ሳይሰማ የማይውለው «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው ቁጭት ምንጩ ይህ ነው። ተጫዋቹ ይህን የችሎታው ማስረጃ፣ ለድል የመቃረቡም ምልክት አድርጎ ይወስደውና በማግስቱ በእልህ ሌላ ትኬት ይቆርጣል፤ እውነቱ ግን በአንድ መበላት የትኬቱ አሠራር የግድ የሚያስከትለው ውጤት እንጂ ስለ ተጫዋቹ እውቀት የሚመሰክረው አንዳች ነገር የሌለ መሆኑ ነው። 

ከካዚኖ ጋር ማነጻጸሩ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ከ0 እስከ 36 ቁጥር በተጻፈበት መዘውር ላይ ትንሽ ኳስ የምትሽከረከርበት ሩሌት የተባለው ጨዋታ፣ በአውሮፓው ዓይነት ከ100 የሚያስቀርበት 2.7 ያህል ነው። በቁማር ዝነኛ የሆነው የሞንቴ ካርሎ ካዚኖ እንኳ በአንድ የሩሌት ዙር የሚወስደው፣ በሰፈር ውርርድ ቤት የሚቆረጥ የአሥር ጨዋታ ትኬት ከሚወስደው ጋር ሲተያይ እጅግ ያነሰ ነው።

«እውቀት ያሸንፋል» የሚለው አባባል ለእውነት የሚቀርበው በፖከር ነው። ፖከር በካርታ የሚካሄድ፣ ተጫዋቾች አቋማሪውን ቤት ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚገጥሙበት ጨዋታ በመሆኑ፣ የተሻለ የሚያሰላና ትዕግሥት ያለው ሰው ከብዙ ሺህ ዙሮች በኋላ ሌሎቹን ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም ቤቱ በጠረጴዛው መካከል ከሚከማቸው መደብ «ሬክ» የተባለውን ድርሻ እየቀነሰ ስለሚወስድ፣ ለማትረፍ ሌሎቹን መብለጥ ብቻ አይበቃም፤ ብልጫው ከሬኩም የበለጠ መሆን አለበት። በአንድ ምሽት የተገኘ ድል ደግሞ ችሎታን ከአጋጣሚ ለመለየት አይበቃም።

«ብዙ የተበላ ሰው የመብላት ተራው ደርሷል» የሚለውን ሌላ እምነት ደግሞ የሞንቴ ካርሎ ታሪክ ያፈርሰዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 በአንድ የሩሌት ጠረጴዛ ከመዘውሩ ጥቁርና ቀይ ቀለሞች ጥቁሩ 26 ጊዜ በተከታታይ ሲወጣ፣ «አሁንስ ቀይ ነው» ያሉት ብዙ ገንዘብ ከስረዋል፤ መዘውሩ ያለፈውን አያስታውስምና። «ቨርቹዋል» በሚባለው፣ ኮምፒውተር ውጤቱን በዘፈቀደ በሚያወጣው ጨዋታ ላይ ኳስ ማወቅ ፈጽሞ ዋጋ የለውም። ድርጅቱ ፈቃድ ማግኘቱም ሕጋዊነቱን እንጂ ተጫዋቹ አትራፊ መሆኑን አያሳይም፤ እንዲያውም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ የ15 በመቶ ግብር ሲጥል፣ ቀድሞ የተበላው ገንዘብ እንዲቀነስ አልፈቀደም።

በቴሌግራም «ፊክስድ» እያሉ፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ጨዋታ አለን እያሉ የሚሸጡት ግን አጭበርባሪዎች ናቸው። ሻጩ ለአንዱ ወገን ደንበኞች ባለሜዳው፣ ለሌላው እንግዳው፣ ለሦስተኛው አቻ ብሎ ቢልክ አንደኛው ወገን የግድ ትክክል ሆኖ ስለሚያገኘው፣ ለሚቀጥለው «መረጃ» የበለጠ ይከፍላል። ውጤቱን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ራሱ ያስይዝበታል እንጂ ለማያውቀው ሰው በጥቂት መቶ ብር አይሸጠውም።

ይህን ሁሉ ጉዳት ለማስቆም ውርርድ ቤቶቹን መዝጋት ብቻውን ይበቃ እንደሆነ ግን እርግጠኛ መሆን ያስቸግራል፤ ትኬቱ በእጅ ስልክም ይቆረጣልና።