ድምፅ የሚሄድበት መንገድ፦ ለካራኦኬና ለትንሽ ጉባኤ የሚሆን ገመድ አልባ ማይክሮፎን ስለ መግዛት

በአገራችን ልማድ ሰው የሚሰበሰብበት ማዕድ ሁሉ፣ የክርስትና ቢሆን የሠርግ፣ የማኅበር ጽዋ ቢሆን የልደት በዓል፣ ያለ ቃል አይፈጸምም፤ የነፍስ አባት ጸሎት ያደርሳሉ፣ ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ከቤተ ዘመዱ አንዱ ተነሥቶ እንግዶቹን ያመሰግናል፣ ወጣቶቹም ተራቸው ሲደርስ ዘፈኑን ይቀጥላሉ። ነገር ግን ቤቱ ወይም ድንኳኑ አርባ ሃምሳ ሰው ሲይዝ፣ ሕፃናት ሲሯሯጡና ሳህን ሲንኳኳ፣ የሰማንያ ዓመት አረጋዊት ቃለ በረከት ከፊተኛው ወንበር አልፎ ወደ ኋላ አይደርስም፤ ከዳር የተቀመጠው እንግዳ «አሜን» የሚለው ሌላው ሲል ሰምቶ ነው፣ ምርቃቱንስ አልሰማውም። ቀድሞ ለዚህ መድኃኒቱ ሞንታርቦ ከነባለሙያው መከራየት ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት ገመድ አልባ ማይክሮፎን ከነተቀባዩ፣ በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ወይም ወር በወር መዋጮ የሚያወጣ ማኅበር አጠራቅሞ ሊገዛው በሚችል ዋጋ ስለሚገኝ፣ ነገሩ የማንኛውም ቤት ጉዳይ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ርካሽ ዕቃ በበዛ ቁጥር ገዢን የሚያሳስተውም ይበዛል። በመደብር መደርደሪያ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ ጥቁር ወይም ወርቃማ እጀታ፣ የብረት ወንፊት ራስ፣ ብልጭ የሚል ሰማያዊ መብራት። ልዩነቱ ያለው ከዓይን በተሰወረው ነገር ላይ ስለሆነ፣ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ድምፁ ከተናጋሪው እጅ ተነሥቶ እስከ ድምፅ ማጉያው ድረስ በምን መንገድ እንደሚሄድ ነው። ይህን የጠየቀ ሰው በትንሽ ገንዘብ ደህና ዕቃ ያገኛል፤ ያልጠየቀ ግን እጥፉን ከፍሎም ላያገኝ ይችላል።

የማይክሮፎን ሥራ ረቂቅ ቢሆንም ምስጢሩ የታወቀ ነው። ዳይናሚክ በሚባለው ዓይነት ውስጥ አንድ ስስ ሽፋን ከቀጭን የሽቦ ጥቅል ጋር ተያይዞ በማግኔት ክፍተት ውስጥ ተቀምጧል፤ የሰው ድምፅ ሽፋኑን ባንቀጠቀጠው ቁጥር ሽቦው በማግኔቱ ኃይል መካከል ይመላለሳል፣ በመመላለሱም ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በገለጠው ሕግ መሠረት ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይወለዳል። ባለ ገመዱ ማይክሮፎን ይህን ጅረት በሽቦ ይሰድደዋል፤ ገመድ አልባው ግን በእጀታው ውስጥ በተሸሸገች አስተላላፊ አማካይነት በሬድዮ ሞገድ ላይ ጭኖ በአየር ይልከዋል፣ ተቀባይ የተባለው ሣጥንም ከአየር ለቅሞ መልሶ ጅረት ያደርገዋል። የአሜሪካው ሹር ኩባንያ ቫጋቦንድ ብሎ የሰየመውን ገመድ አልባ ማይክሮፎን ለመድረክ ሰዎች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበርና ጥበቡ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነው ዋጋው ነው።

ካራኦኬም ቢሆን በገመድ የተጀመረ ጨዋታ ነው። በጃፓን በኮቤ ከተማ በምሽት ቤቶች እየተጫወተ ይኖር የነበረው ሙዚቀኛ ዳይሱኬ ኢኖዌ፣ አንድ ደንበኛው ለጉዞ አብሮት ሄዶ እንዲያጅበው ቢለምነው፣ ራሱ መሄድ ስላልተቻለው አጀቡን በቴፕ ቀርጾ ሰጠው፤ ከዚህም አሳብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ሳንቲም ሲገባበት አጃቢ ሙዚቃ ብቻ የሚያሰማ፣ ማይክሮፎን የተገጠመለት መሣሪያ አሠርቶ ለመጠጥ ቤቶች አከራየ። በቶኪዮ ሺገኢቺ ነጊሺ ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ነበር፤ ሁለቱም የፈጠራ መብት ስላላስመዘገቡ ጨዋታው ያለ ከልካይ በዓለም ተሠራጨ። ከዚህ ታሪክ ለገዢ የሚጠቅመው፣ መሣሪያው ከመጀመሪያው የታሰበው ሙያው ዘፈን ላልሆነ ሰው መሆኑ ነው፤ በዕቃ ጉድለትም ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ያልሠለጠነው ሰው ነው።

በገበያችን እጅግ የበዛው፣ በእጀታው ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት የብሉቱዝ ማይክሮፎን ነው። በዚህ ዕቃ በብሉቱዝ የሚመጣው ከስልክ የሚላከው ሙዚቃ ብቻ ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ እዚያው ከእጀታው ማጉያ ስለሚወጣ መዘግየት አይታይበትም፣ ለልጆች ጨዋታና ለአንድ ሳሎንም ይበቃል። ሆኖም ማጉያው ከማይክሮፎኑ ራስ ከስንዝር እምብዛም ስለማይርቅ ድምፁን ከፍ ባደረጉት ጊዜ መጮኹ አይቀርም፤ ለድንኳን ጉባኤም ኃይሉ አይደርስም። ሌላው ዓይነት ግን፣ ይኸውም የተናጋሪውን ድምፅ ራሱን በብሉቱዝ ወደ ውጭ ማጉያ የሚልከው፣ ለጉባኤ ፈጽሞ የሚመከር አይደለም። ብሉቱዝ ድምፁን አስቀድሞ ጨምቆ፣ በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍሎ፣ በተቀባዩም ዘንድ ጥቂት አከማችቶ ስለሚያሰማ፣ በተለመደው አሠራሩ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል። ቁጥሩ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የ200 ሚሊሰከንድ መዘግየት የራስን ድምፅ ወደ 70 ሜትር ርቆ ከቆመ ማጉያ እንደ መስማት ይቆጠራል። አሜሪካዊው ተመራማሪ በርናርድ ሊ እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳሳየው፣ ሰው የራሱን ንግግር በዚህ ያህል ዘግይቶ ሲሰማ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ቃል ይደግማል፣ ይንተባተባል። እንግዲህ በልጃቸው ሠርግ ሊመርቁ የተነሡ አባት ቃላቸው ሲሰናከልባቸው እርጅና ነው ብሎ ማለፍ ግፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ነውና። ደህና ማይክሮፎን ገዝቶ፣ ተቀባዩን ከሚክሰር ጋር አገናኝቶ፣ ከሚክሰሩ ወደ ማጉያው ግን በብሉቱዝ የሚልክ ሰውም በዚያው ወጥመድ ይወድቃል፤ ከተቀባዩ እስከ ማጉያው ድረስ ያለው መንገድ በገመድ ይሁን።

ለትንሽ ጉባኤ የተሻለው መንገድ፣ በእኔ ፍርድ፣ የራሱ ተቀባይ ሣጥን ያለው ዩኤችኤፍ ነው። ሞገዱ ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ ነው፤ በተለመደው አናሎግ አሠራሩ የሚሰማ መዘግየት የለውም፣ በአንድ ሳሎን ወይም ድንኳን ውስጥም ያለ ችግር ይደርሳል። ቪኤችኤፍ የሚባለው አሮጌው ዓይነት ዋጋው ይበልጥ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ በተቆረጠለት አንድ ሞገድ ብቻ ይሠራል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ዲጂታል ደግሞ መዘግየቱ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ በመሆኑ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ከዋይፋይና ከብሉቱዝ ጋር አንድ ሰፈር ይጋራል፣ የሰው ገላም፣ አብዛኛው ውሃ ነውና፣ ይህን ሞገድ ይውጠዋል፤ ስለዚህ እንግዶቹ ለእስክስታ ተነሥተው በዘፋኙና በተቀባዩ መካከል ሲቆሙ ድምፁ ይቆራረጣል። እርሱን የገዛ ሰው ተቀባዩን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ።

በዩኤችኤፍም ቢሆን ሞገዱን መቀያየር የሚቻልበትን መምረጥ ይገባል። በአንድ ሰፈር በአንድ ቀን እዚህ ሠርግ እዚያ ሐዘን መኖሩ የተለመደ ነው፤ ሁለቱ ድንኳኖች በአንድ ሞገድ የሚሠራ ዕቃ ቢይዙ የሠርጉ ዘፈን በለቅሶው ድንኳን ማጉያ ሊወጣ ይችላል፤ ይህን የመሰለ ኀፍረት በአንዲት ቁልፍ መጫን የሚወገድ ከሆነ ለቁልፏ ጥቂት ብር መጨመር አያስቆጭም። በዚሁ ምክንያት፣ አናሎግ ማይክሮፎን የሚልከውን ተመሳሳይ ተቀባይ ያለው ጎረቤት ሁሉ ሊሰማው ስለሚችል፣ የሽምግልና ምክርና የቤተሰብ ምስጢር በእርሱ አይነገርም።

ስለ አንቴናም አንድ ነገር ልጨምር። ሞገዱ ከግድግዳና ከቆርቆሮ እየተመለሰ ከራሱ ጋር ሲጋጭ በአንዳንድ ስፍራ ይጠፋፋል፤ በ600 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሜትር ስለሆነ፣ ተናጋሪው ጥቂት እልፍ ሲል የጠፋው ድምፅ ይመለሳል። ውድ የሆኑት ተቀባዮች ለአንዱ ማይክሮፎን ሁለት አንቴና መድበው የተሻለውን እየመረጡ ያሰማሉ። በርካሾቹ ዘንድ ግን ሁለት አንቴና መኖሩ ይህን አያረጋግጥም፤ ብዙ ጊዜ አንዱ አንቴና ለአንደኛው፣ ሌላው ለሁለተኛው ማይክሮፎን ነውና።

ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖቻችን ለማኅበራቸው ወይም ለአገር ቤት ዘመድ ያገለገለ ማይክሮፎን በርካሽ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ከ698 እስከ 806 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ የሚሠራ ማይክሮፎን እ.ኤ.አ. ከጁን 2010 ጀምሮ ተከልክሏል፣ ከ617 እስከ 652ና ከ663 እስከ 698 ያለውም ለሞባይል ስልክ ኩባንያዎች ስለ ተሸጠ ከጁላይ 2020 ወዲህ ሕገ ወጥ ሆኗል፤ አንዳንዱ ዕቃ የረከሰውም ስለዚህ ነው። በአውሮፓ ከ863 እስከ 865 ሜጋኸርዝ ያለው ጠባብ ክፍል ያለ ፈቃድ የሚሠራበት ነው። በኢትዮጵያ የሬድዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በመሆኑ፣ ለአዳራሽ የሚሆን ብርቱ ዕቃ ለማስገባት ያሰበ ሰው አስቀድሞ እዚያ ቢጠይቅ ይበጃል። ከዚህም ጋር የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነውና፣ በቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካልተገኘ ዕቃው ገና በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል።

መርካቶም ይሁን ሌላ ስፍራ፣ ማይክሮፎን ሳይሞክሩ መግዛት አይገባም። ሻጩ ተቀባዩን ከማጉያ ጋር እንዲያገናኝ ይለመን፤ ሁለቱም ማይክሮፎኖች በአንድ ጊዜ ይከፈቱ፣ አንዱ ሌላውን የሚረብሽ ከሆነ ወዲያው ይሰማል። ከዚያ ገዢው አንዱን ይዞ ጀርባውን ለተቀባዩ ሰጥቶ፣ ገላው በመካከል እንዲቆም አድርጎ፣ እየቆጠረ ወደ በሩ ይሂድ፤ ቁጥሩ ሳይቆረጥ አሥር አሥራ አምስት ሜትር ከዘለቀ መንገዱ ደህና ነው። ቀጥሎ «ጸሎት»፣ «ጴጥሮስ»፣ «ጠበል» ይበል፤ በቋንቋችን እነዚህ ፊደላት ከአፍ የሚወጡት በፍንዳታ ስለሆነ፣ ደካማ ማይክሮፎን በእነርሱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ደህናው ግን ጥርት አድርጎ ያወጣቸዋል። ማብሪያውን ሲከፍቱና ሲዘጉ በማጉያው «ጧ» የሚል ድምፅ ካለ፣ እጀታውንም በጣት ሲዳስሱት የሚንኳኳ ከሆነ፣ ያ ዕቃ በካህን እጅ ጸሎት ያውካል። ኤኮ የሚባለው ማሽከርከሪያ ለዘፈን ቢያምርም ለንግግር ወደ ዜሮ ሊመለስ የሚችል መሆኑ ይታይ፤ ምርቃት በኤኮ ሲደራረብ ቃሉ አይለይም።

ማይኩ የሚጮኸው ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ማጉያው ከተናጋሪው ፊት ለፊት ወደ እንግዶቹ ዞሮ ይቁም፣ ተናጋሪውም ከኋላው ይሁን። ብዙ ወጣት ዘፋኞች የወንፊቱን ራስ በመዳፋቸው ጨብጠው ይዘፍናሉ፤ ይህ ማይክሮፎኑ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚለይባቸውን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን ጩኸቱን ይጠራል። አረጋውያን ደግሞ በተቃራኒው ከደረታቸው በታች ይይዙታል፤ ከአፍ 5 ሳንቲሜትር የነበረው ወደ 10 ቢርቅ የድምፁ ግፊት በግማሽ ይቀንሳልና፣ ከልጅ ልጆቻቸው አንዷ አጠገባቸው ተቀምጣ ከአገጫቸው ሥር ትያዝላቸው። አያቶቻችን ማጉያ አይወዱም ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ያየሁት ግን ይህን ያህል እርዳታ ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ረዥም ምርቃት ሲመርቁ ነው።

ስለ ዋጋው፣ በአሜሪካ ገበያ ሁለት ማይክሮፎን ያለው የዩኤችኤፍ ስብስብ ከ100 ዶላር በታች ሲገኝ፣ የታወቁት ኩባንያዎች ስብስብ አንድ እጀታ ይዞ 300 ዶላርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ለሳሎንና ለድንኳን ርካሹ ይበቃል። ገንዘቡ ለእርሱም ካልበቃ፣ ከሁለት ክፉ ገመድ አልባ ማይክሮፎኖች ይልቅ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እንደሚሠራው እንደ ሹር ኤስ ኤም 58 ያለ አንድ ጠንካራ ባለ ገመድ መግዛት ይሻላል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን፣ ድንጋዩ በየሱቁ የሚገኘውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ባትሪው ከውስጡ የታሸገበት ዕቃ ባትሪው ሲያረጅ አብሮ ይሞታልና። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ተቀባዩም ቻርጅ የሚደረግ ቢሆን፣ ከባለ ባትሪ ማጉያ ጋር ጉባኤውን ያለ ማቋረጥ ያስፈጽማል።

በዓሉ ሲያበቃ ድንጋዩ ከእጀታው ይውጣ፣ ተረስቶ ከቀረ አልቅሶ ብረቱን ይበላዋል። ብዙ አፍ የቀረበው ወንፊትም ተፈትቶ፣ ከውስጡ ያለው ስፖንጅ ወጥቶ፣ በለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ይታጠብ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅም አይገጠም። የሁለቱ ማይክሮፎኖች የሞገድ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በሣጥኑ ክዳን ላይ ይለጠፍ፤ ጽዋው ወደ ሌላው ማኅበርተኛ ቤት ሲዞር ዕቃውን የሚረከበው ሰው ከዚያ ያነብበዋል።