እኩል የወጣው መድኃኒት ገበያውን አላገኘም

ሴልጂን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሬቭሊሚድ በሚል ስም የሚሸጠው ሌናሊዶማይድ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶለታል። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከመቅኒ ካንሰር ሕሙማን ነው። ኩባንያው ግን ሌላ ገበያም ያይ ነበር፤ ፎሊኩላር ሊምፎማ የተባለው የንፍፊት ካንሰር ገና የተገኘባቸውን ሕሙማን።

ሐሳቡ ኬሞቴራፒን አስቀርቶ፣ የሰውነትን የመከላከል ኃይል በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሱትን ሌናሊዶማይድንና ሪቱክሲማብን አጣምሮ መስጠት ነበር። በሙከራው ከገቡት 1,030 ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ጥምሩን፣ የቀሩት ሪቱክሲማብን ከኬሞቴራፒ ጋር ወሰዱ። ውጤቱ በ2018 ታተመ። ሦስት ዓመት በሽታው ሳይብስባቸው የቆዩት በጥምሩ 77፣ በኬሞቴራፒው 78 በመቶ ሆኑ። ሙከራው የተነደፈው ጥምሩ እንደሚበልጥ ለማሳየት ነበርና እኩል መውጣቱ እንደ ድል አልተቆጠረም።

ለሕመምተኛው ግን እኩልነቱ ቀላል ነገር አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሳቸው ክፉኛ የወረደባቸው በኬሞቴራፒው 50፣ በጥምሩ 32 በመቶ ናቸው። እርግጥ ጥምሩ የቆዳ ሽፍታ ያበዛል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ጥምሩን ሲፈቅድ፣ በሌላ ሙከራ ተመርኩዞ ቀድሞ ታክመው ለነበሩት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ሴልጂንን በ74 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። የሬቭሊሚድ ብቸኛ ሻጭነት ግን ብዙ አልቆየም፤ ከ2022 ጀምሮ የሌሎች አምራቾች ሌናሊዶማይድ በአሜሪካ መሸጥ ጀምሯል።