ምዕራፍ ሰባት፦ ሽጉጥን በተሽከርካሪ ስለ መያዝና ስለ ማጓጓዝ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚጓዝ ሰው፣ ምንም እንኳ ቤቱ ከቤት ተያይዞ ስለ ተሠራ የአንዱን ከተማ ፍጻሜና የሌላውን መጀመሪያ ዓይኑ ባይለየው፣ በሕግ ረገድ ግን ከአንድ አስተዳደር ወደ ሌላ አስተዳደር፣ ከአዲስ አበባ ፖሊስ ጥበቃ ወደ ኦሮሚያ ፖሊስ ጥበቃ መተላለፉ የማይቀር ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባቾቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ሥር ቢውሉም፣ የዋና ከተማይቱ በሮች መሆናቸው አልቀረም፤ በር ባለበትም ጠባቂ፣ ጠባቂ ባለበትም ጥያቄ አለ። እንግዲህ መንገደኛው በወገቡ ወይም በመኪናው ውስጥ ሽጉጥ ይዞ እንደ ሆነ የሚጠየቀው፣ መሣሪያው የማን ነው፣ በማን ፈቃድ ተያዘ፣ ወዴትስ ይሄዳል የሚለውን ነው። የዚህም ምዕራፍ ዓላማ፣ የሕግ ትምህርት ያልተማረ አንባቢ እነዚህን ጥያቄዎች ኬላ ላይ ቆሞ ሳይሆን ቤቱ ተቀምጦ አስቀድሞ እንዲመልሳቸው መርዳት ነው።

፩. የነገሩ ጥንት

በአገራችን የጦር መሣሪያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የተኳሹ ጀግንነት ነው፤ ነገር ግን ከተኩሱ አስቀድሞ ጭነት ነበረ፣ ነገሥታቱንም መንግሥታቱንም እኩል ያሳሰባቸው ይኸው ጭነት በማን እጅና በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ በሆነ ጊዜ፣ ከታጁራ ወደብ በግመል ያስጫነውን ጠመንጃ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ አድርሶ ለንጉሥ ምኒልክ ያስረከበው፣ ዛሬ የሱሉልታ ሰው በየቀኑ ተሻግሮት በሚውለው በእንጦጦ ጋራ ላይ ነው። ከዚያም በኋላ ውጅግራውና ምንሽሩ እየበዛ ሄዶ፣ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የኢትዮጵያ ሠራዊት በጎራዴና በጋሻ ብቻ ሳይሆን ከጠላቱ በማያንስ ጠመንጃ ሊዋጋ በቃ።

የአውሮፓ መንግሥታት ግን ይህን ባዩ ጊዜ የመሣሪያውን መንገድ ለመቁረጥ ውል ላይ ውል ተዋዋሉ፤ ኢትዮጵያም በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ከተጠየቀችው ግዴታ አንዱ ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ የተደነገገውን ሥርዓት እንድትቀበል ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ስለሚገባው መሣሪያ በፓሪስ ውል ተፈረመ። ከዚህ ሁሉ አንባቢ የሚያገኘው ትምህርት፣ ሕግ ስለ መሣሪያ ሲናገር ከባለቤትነቱ ባላነሰ ስለ መጓጓዣው የሚጠነቀቅ መሆኑን ነው፤ በቤት የተቀመጠ መሣሪያ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ያለ መሣሪያ ግን ያለፈበት አገር ሁሉ ጉዳይ ነውና።

፪. የሕጉ ምንጭና የፈቃዱ ባለሥልጣን

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣኖች ሲዘረዝር፣ ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ከእነዚያ አንዱ አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ ሰበታ በኦሮሚያ፣ አዲስ አበባም በራሷ አስተዳደር ሥር ብትሆንም፣ መሣሪያን የሚመለከተው መሠረታዊ ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው፤ የሚለያዩት ሕጉን በየአካባቢው የሚያስፈጽሙት እጆች ናቸው።

ይህ ሕግ በ2012 ዓ.ም. የታወጀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ከእርሱ በፊት ቁጥጥሩ የቆመው በየዘመኑ በወጡ የተበታተኑ ድንጋጌዎችና በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ላይ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 የተከለከለ የጦር መሣሪያ ዝውውርን፣ አንቀጽ 808 ደግሞ በደንብ መተላለፍ ደረጃ ያለውን ጥፋት የሚመለከቱ ናቸው። አዲሱ አዋጅ ግን ማን ፈቃድ ሊያገኝ እንደሚችል፣ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ምን ግዴታ እንዳለበት፣ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማከማቸትና ማዘዋወር ምን እንደሚያስከትል በአንድነት ሰብስቦ ደነገገ፤ የመቆጣጠሩንም ኃላፊነት በዋናነት ለፌዴራል ፖሊስ ሰጠ። ይህ አዋጅ የወጣው አገሪቱ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ በባለሥልጣኖቿ ላይ በጥይት የደረሰውን ሐዘን ገና ሳትረሳ፣ በየኬላውም የተደበቀ ሽጉጥ መያዝ የየሳምንቱ ዜና በሆነበት ዘመን እንደ ነበር ማስታወስ፣ የድንጋጌዎቹን ጥብቅነት ለመረዳት ይጠቅማል።

፫. ፈቃዱ ከሰውዬው ጋር እንጂ ከመኪናው ጋር አይሄድም

ከብዙ ሰው ልብ ውስጥ የማይወጣ አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም መኪና የቤት ተቀጽላ ነው፣ በቤቴ ሊኖር የተፈቀደልኝ መሣሪያ በመኪናዬም ሊኖር ይገባዋል የሚለው ነው። ነገሩን በግልጽ ለማየት ማንኛውም ሾፌር የሚያውቃቸውን ወረቀቶች ማስታወስ ይበቃል፤ መንጃ ፈቃድ የሰውዬው ነው፣ በማናቸውም መኪና ላይ ቢቀመጥ አብሮት ይሄዳል፤ ሊብሬ ግን የመኪናው ነው፣ ማንም ቢነዳው ከመኪናው አይለይም። የመሣሪያ ፈቃድ ከሁለቱም የጠበቀ ነው፤ ስሙ የተጻፈውን ሰው ቁጥሩ ከተጻፈው መሣሪያ ጋር የሚያስተሳስር ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ በጎደለ ጊዜ ወረቀቱ ለሌላው አይመሰክርለትም።

ይህን መሠረት የያዘ አንባቢ ቀሪውን በራሱ ሊደርስበት ይችላል። አባት ፈቃድ ያለውን ሽጉጡን በመኪናው መሳቢያ ትቶ መኪናውን ለልጁ ቢያውሰው፣ ልጁ ኬላ ላይ በተያዘ ጊዜ የአባቱ ፈቃድ መከላከያ ሊሆነው አይችልም፤ አባትየውም መሣሪያውን ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ እንዲገባ አድርጎ በመተው ይጠየቃል። በሰበታና በአካባቢዋ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ የሚያገለግል ዘበኛ፣ ለጥበቃ ሥራ የተረከበውን የድርጅቱን መሣሪያ ተረኛነቱ ካበቃ በኋላ በሚኒባስ ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ፈቃዱ ለድርጅቱና ለጥበቃው ሥራ የተሰጠ እንጂ ለእርሱ የግል ጉዞ የተሰጠ አይደለምና ሕጋዊው መሣሪያ በእጁ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ነጋዴም ብዙ ገንዘብ ስለ ጫነ ብቻ የወንድሙን ሽጉጥ ተውሶ ለመጓዝ ቢያስብ፣ የፍርሃቱ እውነተኛነት የፈቃዱን መጓደል አይሞላለትም።

ከዚህም ጋር ሥፍራ ይታሰባል። በቀድሞው ልማድ መኳንንቱ ሳይቀሩ መሣሪያቸውን ከደጀ ሰላም ውጭ በአሽከር እጅ ትተው ወደ ቤተ መቅደስ ይገቡ እንደ ነበረ ሁሉ፣ የዛሬውም ሕግ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን እንደ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የሕዝብ ስብሰባ ያሉትን ሥፍራዎች ከመሣሪያ ለመጠበቅ ይሻል። ታዲያ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ታማሚ ጠይቆ፣ ከዚያ ወደ ሥራው የሚሄድ ባለ ሽጉጥ፣ መኪናው በአንድ ጉዞ ውስጥ ስንት የተከለከለ ግቢ እንደሚያስገባው ከቤቱ ሳይወጣ ማስላት ይገባዋል፤ መሣሪያውን በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መግባትም መፍትሔ አይሆንም፣ ለሌባ የተዘጋጀ ሲሳይ ነውና።

፬. በኬላ ላይ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማንም ሰው ሰውነት፣ ቤትና በእጁ ያለ ንብረት ያለ አግባብ እንዳይመረመር ጠብቆለታል፤ ይህም ጥበቃ መኪናን ይጨምራል። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ፣ ለሕዝብ ሰላምና ወንጀልን ለመከላከል ሲባል አስገዳጅ ሁኔታ በተፈጠረ ጊዜ፣ በሕግ መሠረት መብቱ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል፤ የኬላ ፍተሻም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ከዚህም በላይ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 51፣ ያለ ሕጋዊ ምክንያት የጦር መሣሪያ ይዞ የተገኘን ሰው ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዘው እንዲችል ፈቅዷል። ስለዚህ ወረቀት የሌለው ሽጉጥ በተገኘ ጊዜ «ትእዛዝ አምጡ» ብሎ መከራከር ብዙ አያራምድም።

ይሁን እንጂ የተያዘው ሰው ከሕግ ውጭ የተጣለ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው ሊገለጽለት፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው አግባብ ያለው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባዋል፤ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባልም ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ፈቃድ ያለው መንገደኛ ደግሞ ፍተሻ በመጣ ጊዜ ሊከተለው የሚገባ ጨዋነት አለ፤ እጁን በሚታይ ሥፍራ አድርጎ፣ መሣሪያ እንዳለውና የት እንዳለ በቃሉ አስቀድሞ ለፈታሹ ተናግሮ፣ ሽጉጡን ራሱ ለማውጣት ሳይቸኩል፣ እንዲያደርገው የታዘዘውን ብቻ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ ደም የሚያፈስሰው ክፋት ሳይሆን ድንጋጤ ነውና።

የኬላው ሁኔታ ከወቅት ወቅት እንደሚለዋወጥም ማወቅ ያስፈልጋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር መሣሪያ ያላቸው ነዋሪዎች በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ አዝዞ ነበር፤ ይህን ትእዛዝ ሳይሰማ በሽጉጡ የተመላለሰ ሰው ትናንት ያለ ችግር ባለፈበት በር ሊያዝ ይችል ነበር ማለት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 መሠረትም ሕግን አለማወቅ በመርሕ ደረጃ ከቅጣት አያድንም።

፭. ሾፌሩና የሰው ዕቃ

እስካሁን የተናገርነው መሣሪያው የራሱ ስለ ሆነ ሰው ነው፤ በዋና ከተማይቱ በሮች የሚያዘው ሽጉጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የነጂው አይደለም። ከሱዳን ጠረፍ በመተማ በኩል ገብቶ በጎጃም መንገድ ወደ መሐል አገር የሚወርድ ጭነት ከእንጦጦ በፊት የሚያገኘው የመጨረሻው ከተማ ሱሉልታ ነው፤ በዚህና በመሰሎቹ መንገዶች ላይ ቱርክ ሠራሽ የሚባሉት ሽጉጦች በእህል ጆንያ መካከል፣ በነዳጅ ቦቴ ውስጥ፣ ወይም ሻግ ተብሎ በሚጠራው ስውር ክፍል ተደብቀው መያዛቸውን ፖሊስ በተደጋጋሚ ገልጿል። የዚህን ዓይነቱን ዝውውር አዋጁ በአንቀጽ 22 የሚቀጣው፣ የመሣሪያውን ብዛትና የአድራጊውን ዓላማ እያመዛዘነ ነው፤ አንድ ሽጉጥ ያለ ፈቃድ የያዘና ለንግድ ብዙ ያጓጓዘ ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

በመካከል የሚጨነቀው «መልእክት ነው፣ አድርስልኝ» ተብሎ የታሸገ ካርቶን የተቀበለው ሾፌርና ረዳቱ ነው። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 57 እንደሚለው ሰው የሚቀጣው አስቦ ወይም በቸልተኝነት ባደረገው እንጂ ፈጽሞ ባላወቀው ነገር አይደለም። ሆኖም «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን የሚታመን ቃል አይሆንም፤ ዳኛ ልብን ከፍቶ ማየት ስለማይችል ሁኔታውን ያያል፤ ላኪው ማን ነበረ፣ ተቀባዩስ በስም ይታወቃል ወይ፣ የተከፈለው ዋጋ ከጭነቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ፣ ዕቃው የተቀመጠው በጭነት ሥፍራ ነው ወይስ በተደበቀ ቦታ ብሎ ይመረምራል። ስለዚህ የላኪንና የተቀባይን ስም መመዝገብ፣ የታሸገውን በፊቱ ማስከፈት፣ ክፍያው ያለ ልክ የበዛበትን መልእክት አለመቀበል፣ ለሾፌሩ ከማናቸውም ጠበቃ የሚቀድሙ ጠበቆች ናቸው።

፮. የሌላው ዓለም ልማድ

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ የዋሽንግተን አካባቢ ያለው ነገር ለሰበታ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የቨርጂንያ ነዋሪ በግዛቱ በሕግ የያዘውን ሽጉጥ ጭኖ የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገር፣ መሣሪያ ሁሉ በፖሊስ እንዲመዘገብ፣ ለመያዝም የተለየ ፈቃድ እንዲኖር ወደምታዝዘው ዋና ከተማ ይገባል። በዚያ አገር በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ በመነሻውም በመድረሻውም ሊይዘው የተፈቀደለትን መንገደኛ በመካከል ያለውን ግዛት እንዲያልፍ የሚፈቅድለት፣ ሽጉጡ ጥይት ያልጎረሰ፣ እርሱም ጥይቱም ከተሳፋሪው እጅ የራቀ እንደ ሆነ ነው፤ የተለየ የዕቃ መጫኛ በሌለው መኪና ደግሞ በተቆለፈ ሣጥን እንዲቀመጥ ያዝዛል። እንግሊዝ በበኩሏ በደንብሌን ትምህርት ቤት ሕፃናት ከተገደሉ በኋላ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ሽጉጥን በግለሰብ እጅ መያዝን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከለከለች። የአሜሪካው ሕግ ለእኛ አገር መንገደኛ መብት ባይሰጠውም ያዘዘው ጥንቃቄ ግን በየትም አገር ደግ ነው፤ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በሚንገዳገድ መኪና ውስጥ ባለቤቱን ራሱን የሚያሰጋ ነው።

፯. ማጠቃለያ

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ ለመሰብሰብ፣ ፈቃድ ያለህ እንደ ሆነ ከመነሣትህ በፊት ፈቃዱን ወደ ሰጠህ ፖሊስ ሄደህ የምታልፍበትንና የምትደርስበትን አገር የሚያካትት መሆኑን ጠይቅ፤ ዋናውን ወረቀት ያዝ፤ ጥይቱን ከሽጉጡ ለይ፤ መኪናህን ስታውስ መሣሪያህን አውጣ፤ ወደ ሠርግና ወደ ግብዣ ስትሄድ መሣሪያና መጠጥ በአንድ መኪና እንዳይሳፈሩ አድርግ። ፈቃድ የሌለህ እንደ ሆነ ግን ሽጉጥን በመኪና የምትይዝበት ብልሃት ይህ መጽሐፍ ሊያስተምርህ አይችልም፤ የለምና። መሣሪያ በውርስም ሆነ በሌላ ምክንያት ሳታስበው እጅህ የገባ ከሆነም፣ ራስህ ተሸክመኸው ወደ ጣቢያ ከመጓዝህ በፊት ለፖሊስ አስታውቀህ፣ እርሱ እንዳዘዘህ አስረክበው።