ሐጅና የበረሃው ሙቀት

ለሐጅ የተዘጋጃችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም እናት አባቶቻችሁን የምትልኩ ልጆች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መካ ሙቀት ነው።

ሰኔ 10 ቀን 2016፣ በዒድ ማግስት፣ በመካ ታላቁ መስጂድ የተለካው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። በዚያው ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ከመቶ 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው። ፈቃድ የሌለው ሰው ማቀዝቀዣ ያለው ድንኳንም ሆነ አውቶቡስ አያገኝም፤ ረጅሙን መንገድ በፀሐይ በእግሩ ይሄዳል። በደላላ በርካሽ እንሄዳለን የምትሉ ይህን አስቡት። ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ከብርቱዎቹ ወራት እየወጣ ነው፤ ነገር ግን በግንቦትም መካ ከ40 ዲግሪ ማለፏ የተለመደ ነው።

ፈቃድ ያላቸውም ቢሆኑ ይጎዳሉ። ብዙ አባቶቻችን «ለአላህ ብዬ ወጥቼ ከፀሐይ ልሽሽ?» ይላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስንብት ሐጃቸው ጀምረተል ዐቀባን ሲወረውሩ ቢላልና ኡሳማ አብረዋቸው ነበሩ፤ አንዱ የግመላቸውን ገመድ ይዞ፣ ሌላው ልብሱን ከፍ አድርጎ ከሙቀቱ ይከልላቸው ነበር። ሌላ ጊዜም አንድ ሰው በፀሐይ ቆሞ ሊውል፣ ላይጠለል፣ ላይናገርና ሊጾም መሳሉን ሲሰሙ እንዲቀመጥ፣ እንዲጠለል፣ እንዲናገር አዘዙ። ጾሙን አጸኑለት፤ ፀሐዩን ግን ከዒባዳ አልቆጠሩለትም።

እናም ወንድ በኢሕራም ሳለ ኮፍያ ወይም ጥምጣም አያደርግም እንጂ ጃንጥላ ይይዛል። ዐረፋ ላይ መቆም ማለትም ጀበለ ረሕማ ላይ መውጣት አይደለም፤ በክልሉ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ዱዓ ያደረገ ሰው ዉቁፉ ሙሉ ነው። በ11ኛውና በ12ኛው ቀን የጠጠር ውርወራ ጊዜው የሚገባው ከዘዋል በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ ምድር የሚጋልበት ሰዓት ነው፤ ሕዝቡም ያን ጊዜ ይጎርፋል። ጊዜው ግን ሰፊ ነው። ብዙ ዑለማዎች ማታ መወርወርን ፈቅደዋል፤ አቅም ያጣም ሌላ ሰው ይወክላል።

ከደጋ አገር የሄደ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ እንደደረሳችሁ በቀትር አትውጡ፤ ዑምራችሁን በሌሊት አድርጉ። እናቶቻችን ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው ብለው ውሃ ይቀንሳሉ። ይህ አደገኛ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም፤ ስለዚህ ሳይጠማ በየጊዜው ይጠጣ። ብዙ ያላበው ጨውም ስለሚያጣ ኦ.አር.ኤስ በጥብጦ ቢጠጣ መልካም ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሽንት ማብዣ መድኃኒት የሚወስድ ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በራሱ ግን አያቋርጥ።

በአንድ የሙቀት ወር ሐጅ ሚና ላይ አብረውን የነበሩ አባት ቀትር ላይ ወጥተው ሲመለሱ ንግግራቸው አልገባን አለ። ከብቶቹ ገብተው እንደሆነ ይጠይቁናል። ድካም መስሎን «ትንሽ ይተኙ» አልናቸው። አብራን የነበረች ነርስ ገላቸውን ብትነካው እሳት ነው። ውሃ አምጡ ብላ ጮኸች። ከራስ እስከ እግራቸው እያፈሰስን አራገብናቸው፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለን አንገታቸውና ብብታቸው ላይ አደረግን። አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ያ «ይተኙ» ያልነው ነገር ነው።

ዐረቦች ደርበቱ ሸምስ የሚሉት ይህንን ነው። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ አእምሮ ይዛባል፤ ሰውየው ሊያልበውም ላያልበውም ይችላል። በሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ከዘባረቀ ወይም ከወደቀ ወዲያው ወደ ጥላ አስገቡት፣ አቀዝቅዙት፣ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃን አምቡላንስ በ997 ጥሩ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ማቀዝቀዙን አታቋርጡ። ራሱን የሳተን ሰው ውሃ ለማጠጣት አትሞክሩ፤ ትን ይለዋል።

የቡድን መሪዎች ደግሞ፣ እያንዳንዱን ሽማግሌ ከአንድ ወጣት ጋር አጣምሩ፤ ወጣቱም የአባትየውን መድኃኒት፣ የድንኳናቸውን ቁጥርና የመሪውን ስልክ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይያዝ።