ሰነፉ ወርቅ የሚተጋበት መቀመጫ

ከቡሪ ሰፈር ጀምሮ በመላው የሱዳን መዲና ካርቱም ወርቅ ጌጥና ጥሪት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በከተማዋ የወርቅ ማጣሪያ ሲከፈትም የታየው ይኸው ዋጋው ነው። ለኬሚስት ግን ወርቅ ሌላ ጥቅም አለው፤ ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ይሆናል። ከኦክስጅን ጋር አልዋሃድ የሚለው ይህ ብረት ወደ ጥቂት ናኖሜትር ሲደቅ ባሕርዩ ይለወጣል። ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሥራ፣ በብረታማ ኦክሳይዶች ላይ የተበተነ ወርቅ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጥ አሳየ።

በእኔ እይታ ግን ከወርቁ እኩል ወሳኙ ወርቁ የሚበተንበት መቀመጫ ነው። ቀዳዳማ ሲሊካ በአንድ ግራም ብዙ መቶ ካሬ ሜትር ገጽ አለው፤ ነገር ግን ውሃ ውስጥ ገጹ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ፣ ኔጋቲቩን የወርቅ አዮን ይገፋል። በደካማ ሁኔታ የተያዙት የወርቅ ቅንጣቶችም ሲሞቁ ተጣብቀው ይገዝፋሉ፣ ትጋታቸውም ይጠፋል። በሲሊካው ገጽ ላይ ፖዚቲቭ ቻርጅ የሚይዝ አሚን (ናይትሮጅናዊ ቡድን) ሲተከል ግን ወርቁ ይሳባል፣ በየቀዳዳውም ተበትኖ ይቀመጣል። «ሲሊካ ራሱ ኦክስጅንን አያነቃም» የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ኦክስጅንን በማንቃት የሚያግዘው ቲታኒያ (የቲታኒየም ኦክሳይድ) በሲሊካው ላይ በስሱ የሚቀባው። «ወርቅ ውድ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ ከክብደቱ 1 በመቶ ብቻ ወርቅ ከሆነ፣ 1 ግራም ወርቅ ለ100 ግራም ካታሊስት ይበቃል። ወጪውን የሚወስነው እንግዲህ ዕድሜው ነው፤ ዕድሜውም በገጹ ዝግጅት ይወሰናል።